ፒጂኤስ ርካሽ ሰርተፍኬት አደለም

ስለ ፒጂኤስ፣ ማለትም ገበሬዎች ራሳቸው ከሸማችና ከሌሎች ጋር ሆነው ምርታቸው ኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የተመረተ) መሆኑን ስለሚያረጋግጡበት አሳታፊ የጥራት ማረጋገጫ፣ ባወራሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። ገበሬ ገበሬን ከፈተሸ ማን ያምነዋል? ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አይቼ «ንፁህ ነው» ብልህ ነገ አንተ የኔን አይተህ እንደዛው አትልም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄን ሥርዓት የምወደው ደሞ ለዚ ጥያቄ መልስ ስላለው ነው፣ ግን መልሱ ባንድ አረፍተ ነገር ስለማያልቅ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሰርተፍኬት እንይ፣ የሦስተኛ ወገን የሚባለውን። አምራቹ ለሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ይከፍላል፣ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው፣ ማሳውን ይዞራል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ ይሄዳል፣ ውሳኔው ከቢሮ ይመጣል። ለትልቅ እርሻና ለኤክስፖርት ይሄ ይሠራል፣ አልቃወመውም። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። የኢንስፔክተሩ መንገድና የሥራ ቀን ለግማሽ ሄክታርም ለመቶ ሄክታርም ብዙ ልዩነት የለውም፣ ስለዚ ትንሹ ገበሬ ከሚያገኘው ላይ የሚቆረጠው ድርሻ በጣም ይበልጣል። ወረቀቱ ደሞ ይብሳል። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ የሚዘራ ሰፊ እርሻ መዝገቡ ቀላል ነው፣ አሥራ ምናምን ዓይነት አትክልት እያፈራረቀና እያሰባጠረ የሚያመርት ሰው ግን ለያንዳንዱ ዘሩ ከየት መጣ፣ መቼ ተዘራ፣ ምን ተደረገለት፣ ስንት ኪሎ ወጣ እያለ መጻፍ አለበት። ማለትም አፈሩን የሚንከባከበው ሰው ነው በወረቀት ብዛት የሚቀጣው፣ ይሄ ሁሌም ያበሳጨኛል።

አንድ ሌላ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሰርተፍኬት ሰጪዎች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይኤስኦ 17065 የሚባለው፣ ሰርተፍኬት ሰጪው ለሚፈትሸው ሰው የማማከር ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ራሱ የመከረውን ራሱ ቢፈትሽ ገለልተኛ አይሆንም። ግን ማሳው ላይ ሆናችሁ አስቡት። ቅጠሉ በተባይ ተበልቷል፣ ኢንስፔክተሩ ቆሞ ያያል፣ መፍትሄውንም ያውቅ ይሆናል፣ «ይሄኛው መድኃኒት አይፈቀድም» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ታዲያ በምን ልከላከለው የሚለውን ገበሬው ሌላ ቦታ ሄዶ ይጠይቅ ማለት ነው።

ፒጂኤስ የሚለየው እዚ ጋ ነው። አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት ልንለው እንችላለን፣ የሚሠሩበት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ባጭሩ ፒጂኤስ ነው የሚሉት። በአንድ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ቡድን ይመሠርታሉ፣ የሚመሩበትን ስታንዳርድ በሚገባቸው ቋንቋ ይጽፋሉ ወይም የአገሪቱን ስታንዳርድ ይቀበላሉ፣ እያንዳንዱ አባል ቃሉን በፊርማ ይሰጣል፣ ከዛ በየጊዜው አንዱ የሌላውን ማሳ ይጎበኛል። ጉብኝቱ ላይ ሸማች፣ የግብርና ባለሙያ፣ ነጋዴ፣ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቢገኝ ይመረጣል። የታየው ሁሉ ተጽፎ ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ኮሚቴው ይወስናል፣ ውሳኔው ሁሉም ሊያየው በሚችለው መዝገብ ይገባል። ምርቱ ላይ የሚለጠፈው ሎጎ የሚመጣው ከዚ ሁሉ በኋላ ነው።

ወረቀት ላይ እንዲ ሲጻፍ ደረቅ ይመስላል። አንድ የተገኘሁበትን ጉብኝት ልንገራችሁ። ማሳው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው፣ ያማረ ነው፣ አፈሩ ጥቁርና ልል፣ ኮምፖስቱ በደምብ የበሰለ፣ ሽታ የለውም። ሁላችንም ደስ ብሎን ልንጨርስ ስንል ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ እሷም ገበሬ ናት፣ የዕቃ ቤቱ በር ይከፈትልን አለች። ተከፈተ። ጥግ ላይ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተሰቅሏል። ቀረብ ብላ አፍንጫውን አሸተተችውና «አባባ፣ ይሄ የማነው?» አለቻቸው። «የልጄ ነው፣ ወዲያ ማዶ በተከራየው መሬት ላይ ይረጭበታል» አሉ ሽማግሌው ሳይደብቁ። «እርስዎስ ለተባይ የሚሆነውን የኒም ቅጠል ጭማቂ በምን ነው የሚረጩት?» ዝም አሉ። ከዛ «በዚሁ ነው እንጂ፣ አጥቤ» አሉ።

ማንም አልጮኸባቸውም። ግን ማንም አላለፈውም። መርጫ ምንም ቢታጠብ በቱቦውና በማጣሪያው ውስጥ የኬሚካል ቅሪት ይቀራል፣ ይሄን እዛ የነበረ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ጊዜ ኬሚካል ረጭቷል። እዛው ቆመው ተነጋገሩ፣ የልጅየው መርጫ ከዕቃ ቤቱ እንዲወጣ፣ ለሳቸው ለብቻው ሌላ እንዲገዛ፣ እስከዛ ከአንዱ አባል እንዲዋሱ፣ በዚ መርጫ የተረጨው መደብ ምርት በቡድኑ ስም እንዳይሸጥ ተወሰነ። ቅፁ ላይም ተጻፈ፣ ሽማግሌውም ፈረሙ። አንደኛው አባል ደሞ ልጅየውን ራሱን ቡድኑ ውስጥ ለማስገባት ላናግረው ብሎ ሄደ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ያቺን መርጫ በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ያገኛት ነበር ወይ? ሊያገኛት ይችላል፣ ጎበዝ ኢንስፔክተሮች አሉ። ግን ልጁ ማዶ መሬት እንደተከራየ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ማን ምን ገዝቶ እንደመጣ፣ ማን ማታ ላይ ሲረጭ እንደታየ፣ የማን ከብት የት እንደሚውል፣ የማን ማሳ ላይ ጎርፍ ከላይ ምን ይዞ እንደሚወርድ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ይሄ እውቀት ዱሮም አለ፣ ፒጂኤስ የሚያደርገው ወደ መዝገብ ማስገባት ነው። በዛ ላይ ጥቅሙ የተሳሰረ ነው፣ አንዱ ቢያጭበረብርና ቢታወቅ ሎጎው የሁሉም ስለሆነ ገበያው የሚዘጋው በሁሉም ላይ ነው፣ ስለዚ የጎረቤቴ ጥፋት እኔን አይመለከተኝም የሚል ሰው የለም።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን ድክመቱን ካልነገርኳችሁ ሙሉ አይሆንም፣ ትልቁ ድክመት ይሉኝታ ነው። ከማጭበርበር ይልቅ እሱ ነው የሚያሰጋኝ። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አብረውት የሚኖሩትን ሰው ላለማስቀየም፣ ቅፁ ላይ ሁሉም ቦታ «ጥሩ» ተብሎ ይሞላል፣ ጉብኝቱ ቀስ በቀስ የእንግድነት ጉዳይ ይሆናል፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መዝገቡን ብታዩት ሁሉም ሰው ሁሌም ፍፁም ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ካየሁ እኔ ቡድኑን አላምነውም። በደምብ የሚሠሩት ይሄን አውቀው መላ ያበጁለታል። በደቡብ ብራዚል ያለው ኤኮቪዳ የሚባለው መረብ የአንድ ቡድን ማሳ ሲታይ ከሌላ ቡድን የመጡ ሰዎች እንዲኖሩበት ያደርጋል፣ የውጭ ዓይን ማለት ነው። ሁለት ገበሬዎች እርስ በርስ እንዳይፈታተሹ ማድረግም ቀላል ነገር ግን ትልቅ ለውጥ ነው፣ እኔ አንተን ካየሁ አንተ እኔን አታይም፣ ሌላ ሰው ነው የሚያየኝ። ሳይነገር የሚደረግ ድንገተኛ ጉብኝትም አለ። ጥፋት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ደሞ አስቀድሞ መጻፉ በጣም ያግዛል፣ ለየትኛው ማስጠንቀቂያ፣ ለየትኛው እገዳ፣ ለየትኛው መሰናበት፣ ምክንያቱም ደንቡ ከተጻፈ ጎረቤቱን የሚቀጣው ደንቡ ነው እንጂ ሰውየው አደለም።

ብዙ ሰው ይሄ አዲስ ፋሽን ይመስለዋል፣ አደለም (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳይ ውስጥ በ1964 የተመሠረተው ናቱር ኤ ፕሮግሬ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ገበሬና ሸማች አንድ ላይ ማሳ እያዩ ነው የሚያረጋግጡት። የዓለም የኦርጋኒክ ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን አይፎም በ1972 ሲመሠረትም ጥሪውን ያስተላለፈው ይሄው ማኅበር ነበር። ማለትም የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ዱሮ ሲጀመር በአብዛኛው እንዲህ ነበር፣ የሦስተኛ ወገኑ ነው በኋላ የመጣው፣ ገበያው ሲርቅና ገዢና ሻጭ የማይተያዩ ሲሆኑ። አሜሪካ የፌዴራል የኦርጋኒክ ደንቧን ሥራ ላይ ባዋለችበት በ2002 የኒውዮርክ ሃድሰን ሸለቆ ገበሬዎች ሰርቲፋይድ ናቹራሊ ግሮውን የሚባለውን ጀመሩ፣ ገበሬ ገበሬን የሚፈትሽበት ነው፣ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ግን በሕግ መጠቀም አይችሉም። በ2004 ብራዚል ቶሬስ ከተማ ላይ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ተሰብስበው የየራሳቸውን ልምድ ሲያነፃፅሩ ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ነገር ሲሠሩ እንደነበር አዩ፣ ፒጂኤስ የሚለው የጋራ ስምም ከዛ ስብሰባ በኋላ ነው የተስፋፋው።

ሕጉ ላይ ደሞ አገሮች በጣም ይለያያሉ፣ ይሄ ክፍል ለገበሬው ወሳኝ ስለሆነ ታገሱኝ። ብራዚል የ2003ቱን የኦርጋኒክ ሕጓን በ2007 በወጣ ድንጋጌ ስታብራራ አሳታፊውን ከሦስተኛ ወገኑ እኩል አድርጋ አስገባችው፣ በዛ ላይ ለሸማቹ በቀጥታ ብቻ ለሚሸጡ አነስተኛ ገበሬዎች ሰርተፍኬት ሳይኖራቸው በተመዘገበ ቡድን ቁጥጥር ሥር ሆነው ኦርጋኒክ ብለው እንዲሸጡ ፈቀደች። ህንድ በ2015 በጀመረችው ፓራምፓራጋት ክሪሺ ቪካስ ዮጃና በሚባል ፕሮግራም መንግሥት ራሱ ፒጂኤስን በገንዘብ ይደግፋል፣ ቢያንስ አምስት ገበሬ ያለው ቡድን መመሥረት ይቻላል፣ ወደ ኦርጋኒክ በመሸጋገር ላይ ላለና ሽግግሩን ለጨረሰ ማሳ ሁለት የተለያየ ሎጎ አላቸው፣ ይሄ የሁለት ሎጎ ነገር በጣም ደስ ይለኛል ምክንያቱም ገበሬው የሚጎዳው የሽግግሩ ዓመታት ላይ ነው፣ ምርቱ ይቀንሳል ግን ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ አይችልም። ፊሊፒንስ በ2010 ባወጣችው ሕግ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነበር የምትቀበለው፣ ትንንሾቹ ገበሬዎች አልቻሉትም፣ በ2020 መጨረሻ ሕጉን አሻሽላ ፒጂኤስን አስገባች። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በ2007 የወጣ የጋራ የኦርጋኒክ ስታንዳርድ አለ፣ ኪሊሞ ሃይ የሚባለውን ምልክት በፒጂኤስ የተረጋገጡ ገበሬዎችም ይጠቀሙበታል።

የአውሮፓ ኅብረት ግን ፒጂኤስን ለኦርጋኒክ ሰርተፍኬት አይቀበለውም። እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ ልለየው። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት የኅብረቱ ደንብ የገበሬ ቡድን በጋራ ሰርተፍኬት እንዲያገኝ ይፈቅዳል፣ አባላቱ ከ2000 እንዳይበልጡ፣ የውስጥ ቁጥጥር እንዲኖራቸው ይላል፣ ግን መጨረሻ ላይ ማኅተም የሚመታው የውጭ ድርጅት ነው። ያ የቡድን ሰርተፍኬት ነው እንጂ ፒጂኤስ አደለም። ስለዚ ምርቱን ባሕር ማዶ መላክ የሚፈልግ ቡድን ፒጂኤስ ብቻውን አያሻግረውም፣ ይሄ አስቀድሞ በግልፅ ሊነገረው ይገባል። ኤክስፖርት እናደርጋለን ተብለው ተደራጅተው በኋላ ያዘኑ ገበሬዎች አጋጥመውኛል፣ ያሳዝናል፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው እውነቱን ቢነግራቸው ጉልበታቸውን ቅርብ ገበያ ላይ ያደርጉት ነበር።

ደግሞ «ኬሚካል የለውም» ማለትና «ለጤና ደህና ነው» ማለት አንድ አደሉም። ይሄን ከሸማቾችም ከገበሬዎችም ጋር ብዙ ተነጋግሬበታለሁ። ያልበሰለ ፍግ ጥሬ የሚበላ አትክልት ላይ ከተደረገ ምንም ኬሚካል ሳይነካው በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ለምሳሌ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ጥሬ ፍግ ከአጨዳ 120 ቀን በፊት፣ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን በፊት አፈሩ ውስጥ ገብቶ መቀበር አለበት ይላል። የማጠቢያ ውሃውስ ከየት ነው፣ ምርቱ የሚጫንበት ሳጥን በፊት ምን ተጭኖበት ነበር፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ሲረጭ ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል፣ ድንበሩ ላይ ዛፍ ወይ ቁጥቋጦ አለ ወይ። የፒጂኤስ ቅፅ እነዚን ካልጠየቀ ግማሽ ቅፅ ነው። መልካሙ ነገር ቅፁን ቡድኑ ራሱ በሚያዘጋጅበት ቦታ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊጨምረው ይችላል። የላብራቶሪ ምርመራ ውድ ስለሆነ የሁሉንም ምርት መመርመር አይቻልም፣ ግን በዓመት ውስጥ በዕጣ የወጡ ጥቂት ናሙናዎች ቢላኩ፣ ማን እንደሚወጣለት ማንም ስለማያውቅ፣ ሁሉም ይጠነቀቃል።

ሽያጩ ላይ ስንመጣ እውነት ለመናገር ሎጎ ብቻውን ምንም አይሸጥም። ፒጂኤስ የሚሠራው ገዢው ቡድኑን በሚያውቅበት ገበያ ነው፣ ገበሬው ራሱ ቆሞ የሚሸጥበት ሳምንታዊ ገበያ፣ ቤተሰቦች አስቀድመው ተመዝግበው በየሳምንቱ የሚወስዱት አትክልት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሬስቶራንት። ብራዚል እዚም ላይ ትልቅ ነገር ሠርታለች፣ በ2009 የወጣው የትምህርት ቤት ምገባ ሕጓ ከፌዴራል መንግሥት ለምገባ ከሚመጣው ገንዘብ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ 30 ከመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች እንዲገዛበት አዘዘ፣ ለኦርጋኒክ ምርት ደሞ ጨመር አድርጎ መክፈል ይቻላል። በፒጂኤስ የተረጋገጠ ገበሬ እዛ ቋሚ ገዢ አገኘ ማለት ነው፣ ቋሚ ገዢ ሲኖር ደሞ አትክልቱን በስንት ገንዘብ ለደላላ ልስጠው እያለ አያድርም፣ ምን እንደሚዘራ ከወራት በፊት ያቅዳል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ፒጂኤስ ገንዘብ ይቀንሳል እንጂ ነፃ አደለም፣ ክፍያው በገበሬው ቀን ነው። ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ ቅፅ መሙላት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ሁሉም ከሥራ ላይ ተቀንሶ ነው። ብዙ ቦታ ይሄን ሥራ መጀመሪያ ላይ የሚሸፍነው የፕሮጀክት ሠራተኛ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ይሄዳል፣ መዝገቡም እዛው ይቆማል። ስለዚ እኔ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቡድኑ ከሽያጩ ላይ ትንሽ እየቆረጠ ለጸሐፊው ይክፈል ባይ ነኝ፣ ትንሽም ቢሆን። ጸሐፊዋ ሴት ብትሆን ደሞ እመርጣለሁ፣ ብዙ ቦታ የአትክልቱን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ስብሰባው ላይ የሚፈርመው የመሬቱ ባለቤት ነው የተባለው ወንድ ነው፣ ከዛ «ምን ረጫችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የማያውቅ ሰው ነው የሚመልሰው። ጉብኝቱ ላይ መጠየቅ ያለበት እጁ ላይ አፈር ያለበት ሰው ነው።

ሸማች ከሆናችሁና በዚ መንገድ የተረጋገጠ ምርት ካገኛችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ በሚቀጥለው ጉብኝት ላይ መምጣት እችላለሁ ወይ በሉ። እሺ ካሏችሁ በእውነት ሂዱ፣ ምንም እርሻ አላውቅም አትበሉ፣ ዕቃ ቤቱ ይከፈት ለማለት የግብርና ዲግሪ አያስፈልግም፣ ገበሬዎቹ ያላዩትን የምታዩበት ጊዜም አለ። ሁለተኛ ባለፈው ዓመት ቡድኑ ያስጠነቀቀው ወይም ያገደው ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስም አያስፈልግም፣ ምን እንደተገኘና ምን እንደተወሰነ ብቻ። ጥያቄው አይከብዳቸውም፣ በደምብ የሚሠራ ቡድን መዝገቡን አውጥቶ ያሳያችኋል፣ ይሄ የመርጫ ጉዳይ ነበር፣ ይሄ የፍግ፣ ይሄኛው በሚቀጥለው ወር ተስተካክሎ ተመለሰ እያለ። «እኛ ጋ አንድም ጥፋት ተገኝቶ አያውቅም» ካሏችሁ ግን ምርቱን ከመግዛታችሁ በፊት የጉብኝቱን ቀን ጠይቃችሁ ያዙ።